«ጥርስ ልታወጣ ነው» ይሉኛል፤ ግን ትኩሳትና ተቅማጥም አላት

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ እንደምን ነዎት? ልጄ 7 ወር ሆኗታል። ባለፈው ሳምንት ስትመዘን 7 ኪሎ ተኩል ነበረች። ሰሞኑን ለሃጯ ይዝረበረባል፤ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች፤ ሌሊት እየተነሣች ትነጫነጫለች። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ደግሞ ተቅማጥ ይዟታል፤ በቀን 6 ጊዜ ያህል ይላታል። ዛሬ ጠዋት ትኩሳቷን ስለካት 38.6 ሆነ። አማቴ ከገጠር መጥተው አብረውን ናቸው። ድዷን አይተው «ግግ ነው፤ ካልወጣላት አይለቃትም» አሉኝ። የሚያወጣ ሰውም ሰፈር ውስጥ ጠይቀው አግኝተዋል። እህቴ ደግሞ ከአሜሪካ ድድ የሚያደነዝዝ ጄል ልካልኛለች። እስካሁን አንድም ጥርስ አልወጣላትም። ዘገየባት እንዴ? ምን ላድርግላት? ከአዲስ አበባ።

መልስ፦ እህቴ፣ የጻፍሽልኝ ውስጥ ሁለት የተለያየ ነገር አለ። አንዱ ጥርስ ነው፤ እሱ ጊዜ ይሰጣል። ሌላው ትኩሳትና ተቅማጥ ነው፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ከሁለተኛው ልጀምር።

ልጅሽን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። 38.6 የጥርስ ትኩሳት አይደለም። ጥርስ ሲወጣ የሕፃን ገላ ትንሽ ሞቅ ሊል ይችላል፤ 38 ከደረሰ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። ተቅማጥ ስላላት መጀመሪያ የምጠረጥረው የሆድ ኢንፌክሽን ነው። ያም ሆኖ ጆሮዋ፣ ጉሮሮዋ፣ ደረቷና ሽንቷ ቢታይ ጥሩ ነው። በተለይ ሴት ሕፃናት የሽንት ኢንፌክሽን ሲይዛቸው ከትኩሳት በቀር ሌላ ምልክት ላይታይባቸው ይችላል። በቅርቡ ወደ ወባማ አካባቢ ሄዳችሁ ከነበረ፣ ባትጠየቂም ለሐኪሙ ንገሪው። የክትባት ካርዷንም አትርሺ።

እስክትደርሺ ድረስ፣ ከተመለስሽም በኋላ፣ ዋናው ሥራ የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነው። ጡት ከወትሮው አብዝተሽ አጥቢያት። ከፋርማሲ ኦ.አር.ኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ግዢ። ብዙዎቹ ፓኬቶች ለ1 ሊትር ውኃ የተዘጋጁ ናቸው፤ ግን ጀርባውን አንብቢ፤ ለትንሽ ውኃ የሚሆኑም አሉ። ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ግማሽ ሊትር በሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ የ1 ሊትሩን ፓኬት የሚበጠብጡ እናቶች ብዙ አያለሁ። ያ ጨው ይበዛበታል፤ ሕፃን ይጎዳል። ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ወይም በኩባያ ቀስ እያልሽ ስጫት። ካስመለሳት 10 ደቂቃ ጠብቀሽ እንደገና ጀምሪ፤ ይበልጥ ቀስ ብለሽ። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ድፊውና አዲስ በጥብጪ።

ጤና ጣቢያው ዚንክም ይሰጥሻል። ከ6 ወር በላይ ለሆነ ሕፃን መጠኑ በቀን አንድ ጊዜ 20 ሚሊ ግራም ነው። ቢያንስ ለ10 ቀን ይሰጣል። በማንኪያ ላይ በታለበ የጡትሽ ወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ይሟሟል። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም ዚንኩን እስከ መጨረሻው ጨርሺላት። ተቅማጥ የሚያቆም እንክብል ግን ለሕፃን አይሰጥም። አንቲባዮቲክም ሐኪም ሳያዝ በግምት ተገዝቶ አይሰጥም።

ቀኑ ቢመሽም፣ እሑድም ቢሆን፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ድንገተኛ ክፍል የምትሮጪባቸው ምልክቶች አሉ። ጡት መሳብ ወይም መጠጣት ካቃታት። የገባውን ሁሉ የምታስመልስ ከሆነ። ሰውነቷ ከተንቀጠቀጠ። ዝልፍልፍ ብላ አልነቃ ካለች። ሰገራዋ ላይ ደም ካየሽ። ዐይኗ ከጎደጎደ፣ ስታለቅስ እንባ ከሌላት፣ ወይም ዳይፐሯ 6 ሰዓት ያህል ደረቅ ከሆነ። የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገሽ ስትለቂው ቶሎ ካልተመለሰ። ስትተነፍስ ደግሞ ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሪ፤ በዚህ ዕድሜ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳንባዋ መታየት አለበት።

አሁን ወደ ጥርሱ።

እናቶች ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «ታዲያ ለምንድን ነው ጥርስ ሊወጣ ሲል ሁልጊዜ ተቅማጥ የሚመጣው?» ይሉኛል። የሚያዩትን ነው የሚናገሩት። ሁለቱ ነገሮች አንድ ወቅት ላይ ይገጣጠማሉ፤ ግን አንዱ ሌላውን አያመጣውም። የመጀመሪያው ጥርስ በአማካይ 6 ወር አካባቢ ብቅ ይላል። በዚያው ጊዜ ሕፃኑ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የመጣው የበሽታ መከላከያ አቅም እያለቀ ነው። በዚያው ጊዜ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፤ አዲስ ሳህን፣ አዲስ ማንኪያ፣ አዲስ ውኃ። በዚያው ጊዜ መዳህ ይጀምራል። ወለል ላይ ያገኘውን ያነሣል፤ ድዱ ስለሚበላው ደግሞ ወደ አፉ ይወስደዋል። ተቅማጡ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። ጥርሱ በአጋጣሚ እዚያው ተገኘ።

ይህን ሐሳብ ብቻ አይደለም የምነግርሽ። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ በታተመ አንድ ጥናት 125 ሕፃናት በየቀኑ ተከታትለው ተመዝግበዋል። የ475 ጥርሶች አወጣጥ ታይቷል። ጥርሱ ከመውጣቱ 4 ቀን ቀደም ብሎ፣ የወጣበት ቀንና ከዚያ በኋላ ባሉት 3 ቀናት ሕፃናቱ ይበልጥ ይነክሳሉ፣ ለሃጭ ያዝረበርባሉ፣ ድዳቸውን ያሻሉ፣ ይነጫነጫሉ፣ ጆሯቸውን ይነካካሉ፣ ጠንከር ያለ ምግብ ይቀንሳሉ። ሙቀታቸውም በትንሹ ከፍ ይላል። ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ሳልና ከፍተኛ ትኩሳት ግን ከጥርሱ ጋር አልተያያዙም። ደግሞ ከነዚያ ምልክቶች አንዱም እንኳ ከ35 በመቶ በላይ በሆኑት ሕፃናት ላይ አልታየም። ብዙ ልጅ ጥርሱን የሚያወጣው ማንም ሳያውቅበት ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ኮስተር ልበል። ጥርስ በራሱ ሕፃን ገድሎ አያውቅም። «ጥርስ ነው፣ ያልፋል» ተብሎ ቤት የተቀመጠ ተቅማጥ ግን ይገድላል። የሳንባ ምችም እንዲሁ። ሕፃን ይዘው ዘግይተው የሚመጡ ቤተሰቦችን «ለምን እስከዛሬ ቆያችሁ?» ስንላቸው በብዛት የምንሰማው መልስ «ጥርስ መስሎን» የሚል ነው። አንቺ ቴርሞሜትር ገዝተሽ ለክተሽ ቁጥሩን መጻፍሽ ስለዚህ ደስ አሰኝቶኛል።

ወደ አማትሽ ልምጣ። «ግግ» የሚሉት ምን እንደሆነ ላስረዳሽ። ከፊት ጥርሶች ቀጥሎ፣ ክራንቻ በሚወጣበት ቦታ፣ የብዙ ሕፃናት ድድ ከ4 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ጎላ፣ ነጣ ብሎ ይታያል። እብጠት ይመስላል። በሽታ ግን አይደለም። ከስሩ ያልበሰለ የክራንቻ ጥርስ ተኝቷል፤ ጊዜው ሲደርስ፣ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ላይ፣ ይወጣል። አውጪዎቹ ድዱን በሹል ነገር ፍቀው ወይም ሰንጥቀው ያንን ለስላሳ ነጭ ነገር ጎልጉለው ያወጡና «ይኸው ትሉ» ብለው ለቤተሰቡ ያሳያሉ። ያሳዩት ትል አይደለም። የልጅሽ ጥርስ ነው።

ሰው ለምን ያምናል? የሆድ ኢንፌክሽን ተቅማጥ በአብዛኛው በራሱ ጊዜ፣ በሳምንት ውስጥ፣ ይቆማል። ድዱ በ3ኛው ቀን ተፍቆ ተቅማጡ በ5ኛው ቀን ሲቆም ምስጋናው ለአውጪው ይሆናል። ያልዳነው ልጅ ደግሞ «ዘግይታችሁ ነው ያመጣችሁት» ይባላል። እንዲህ ባለ ሒሳብ አውጪው አይሸነፍም።

ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነው። ያልተቀቀለ መሣሪያ ከአንዱ ሕፃን አፍ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ኤች.አይ.ቪና የጉበት ቫይረስ ሊያስተላልፍ ይችላል። ቴታነስ አለ። ደም ይፈሳል፤ በተቅማጥ የተዳከመ ሕፃን ትንሽ ደም መፍሰስ እንኳ ይከብደዋል። ቁስሉ አመርቅዞ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። አፉ የቆሰለ ልጅ ደግሞ ጡት አልይዝም ይላል፤ መጠጣት የሚያስፈልገው በዚያው ቀን። ከዓመታት በኋላም ይታያል። የወተት ጥርሱ ፍሬ ሲጎለጎል ከስሩ ያለው ቋሚ ክራንቻም አብሮ ይጎዳል፤ ወይ ጠሞ ይወጣል፣ ወይ ሽፋኑ ሳስቶ ይበላሻል፣ ወይ ጭራሽ ሳይወጣ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እስራኤል ውስጥ የጥርስ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆችን ሲመረምሩ ክራንቻቸው የጎደለ ብዙ ልጆች አግኝተው ነገሩን በሙያ መጽሔት ጽፈውታል። ልማዱ የእኛ ብቻም አይደለም፤ በሱዳን፣ በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያም አለ። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 561 እና 562 በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት የሕፃን ሕይወት ማጥፋትንና አካል መጉዳትን በወንጀል ያስቀጣል።

ፈረንጅ ከዚህ ነፃ ነበር እንዳትይ። በአውሮፓ ሐኪሞቹ ራሳቸው ለዘመናት የሕፃናትን ድድ በስለት ሲሰነጥቁ ኖረዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ በሞት መዝገብ ላይ «ጥርስ ማውጣት» የሞት ምክንያት ተብሎ ይጻፍ ነበር። ለድድ ተብሎ የሚሸጠው ዱቄት ደግሞ ሜርኩሪ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከገበያ እስኪወጣ ድረስ ስንት ሕፃን መርዟል። እነሱም ብዙ ዘመን ፈጅተው ነው የተዉት።

አማትሽን ግን አትጋፊያቸው። እሳቸው ሕፃን በተቅማጥ ሲሞት በዓይናቸው ያዩ ትውልድ ናቸው። ፍርሃታቸው ትክክል ነው፤ መድኃኒቱ ነው የተሳሳተው። ስለዚህ «እማማ፣ እርስዎ እንዳሉት ልጅቷ ታማለች፤ አብረን ሐኪም ዘንድ እንውሰዳት» በያቸው። ጤና ጣቢያ ይዘሻቸው ሂጂ። ነርሷ ስታስረዳ በራሳቸው ጆሮ ይስሙ፤ ከምራት አፍ ከመስማት ይሻላል። ቤት ስትመለሱ ኦ.አር.ኤሱን በማንኪያ የማጠጣቱን ሥራ ለእሳቸው ስጪ። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ አያቶች ይችሉበታል። ባልሽም አቋሙን በግልጽ ይናገር። አንቺ ገበያ ደርሰሽ እስክትመጪ ልጅቷ ተፍቃ የምትጠብቅበት ጊዜ አለ፤ ይህን ብዙ ሰምቻለሁ።

ድዷ በእውነት የሚበላት ከሆነ፣ ደግሞም ሳይሆን አይቀርም፣ የሚያስታግሱላት ነገሮች ርካሽና ቀላል ናቸው። ሁሉም በትልልቅ ጥናት ተፈትነው የጸደቁ አይደሉም። ግን አይጎዱም፤ ሕፃናትም ይወዷቸዋል። ለእኔ ይህ ይበቃል።

መጀመሪያ ጣትሽ። ጥፍርሽን ቁረጪ፤ እጅሽን በሳሙና በደንብ ታጠቢ። በጣትሽ ጫፍ ድዷን ጫን እያደረግሽ አንድ ሁለት ደቂቃ ያህል እሺላት። ፊት ለፊት፣ ከታች ጀምሪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚወጡት የታችኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ናቸው። ትነክስሻለች፤ ትንከስ። ጥርሷ ሊወጣ የቀረበ ከሆነ ጠጠር የሚል ጫፍ በጣትሽ ይሰማሻል። ይህን ከቀኑ በማንኛውም ሰዓት፣ በተለይ ከማጥባትሽና ከማስተኛትሽ በፊት ማድረግ ትችያለሽ።

ቀጥሎ ቀዝቃዛ ነገር። ትንሽ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ነክረሽ ጨምቂና በንጹሕ ዕቃ ከድነሽ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀምጪ። አንዱን ጫፍ አንቺ ያዢ፤ ሌላውን እሷ ታኝክ። ፍሪዘር ውስጥ ግን አይግባ። በረዶ የሆነ ነገር የሕፃን ድድና ከንፈር ያቃጥላል። መብራት ከሄደ ወይም ፍሪጅ ከሌለሽ አትጨነቂ። የፈላውን ውኃ ክዳን ባለው ማሰሮ አሳድሪው፤ ጠዋት የሚኖረው ቅዝቃዜ ይበቃታል። ጨርቁ በየቀኑ ይቀቀል፤ ወለል ላይ ከወደቀ ይቀየር። ተቅማጥ ከያዛት ልጅ ጋር የቆሸሸ ጨርቅ መስጠት እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው።

ሱቅ የሚሸጠው የማኘኪያ ጎማም ጥሩ ነው። አንድ ወጥ የሆነውን ምረጪ። ውስጡ ፈሳሽ ያለበት ተነክሶ ሊፈነዳ ይችላል። የሚላቀቅ ጌጥ ያለበት ደግሞ ጉሮሮ ውስጥ ይቀረቀራል። በሳሙናና በንጹሕ ውኃ እጠቢው። በክር አስረሽ አንገቷ ላይ እንዳታንጠለጥይ፤ ያንቃል። የቤት ቁልፍ፣ ሪሞት፣ ስልክና ሳንቲም የማኘኪያ ምትክ አይደሉም። ከሪሞት የሚወድቅ ትንሽ ክብ ባትሪ ከተዋጠ በሰዓታት ውስጥ ጉሮሮ ይበሳል። ይህን በየአጋጣሚው እናገራለሁ፤ ሰው ግን ሪሞቱን መስጠት አይተውም።

ምግብ ጀምራ ከሆነ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ትወዳለች። የተፈጨ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ወይም ስኳር የሌለው እርጎ ይሆናል። ጥሬ ካሮት፣ ደረቅ ብስኩት፣ ዳቦ ቆሎና የመሳሰለውን «ትንከሰው» ብለሽ በእጇ አትስጪ፤ ቁራጩ ትንፋሽ ይዘጋል። ጥቂት ቀን ምግብ ብትቀንስ አያስደንግጥሽ። ጡት እስከጠባች ድረስ ችግር የለም። ጡትም ሆነ ፈሳሽ እምቢ ካለች ግን ጥርስ አይደለም፤ ወደ ሐኪም ነው።

ለሃጩ አገጯንና አንገቷን ያቀላዋል። በለስላሳ ጨርቅ ነካ ነካ እያደረግሽ አድርቂው፤ አትፈትጊው። ከመተኛቷ በፊት ስስ ቫዝሊን ቀቢላት፤ ለሃጩ ቆዳዋን እንዳያገኘው ይከላከላል። ደረቷ ላይ የሚርሰውን ልብስ ቶሎ ቶሎ ቀይሪ።

ስትጠባ ብትነክስሽ መጮኽ አይቀርም፤ ማንም ይጮኻል። ግን ጡቱን ከአፏ መንጭቀሽ አታውጪ፤ ጫፉ ይቆስላል። ትንሿን ጣትሽን በአፏ ጥግ አስገብተሽ አላቂው፤ «አይሆንም» ብለሽ ትንሽ ጠብቂና እንደገና አጥቢያት። አብዛኛውን ጊዜ የሚነክሱት ጠግበው መጫወት ሲጀምሩ ነው። መሳቧን ስታቆም አንቺ ቀድመሽ አውጪው። ጥርስ ወጣ ተብሎ ጡት አይጣልም። ተጨማሪ ምግብ እየተሰጠ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባት ይመከራል።

ሌሊቱ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። አዝለሽ ዞር ዞር በይባት፤ እሹሩሩ በያት። ለአንቺ አሰልቺ ነው፤ ለእሷ ግን ከየትኛውም ጄል ይበልጣል። ከአማትሽና ከባልሽ ጋር ሌሊቱን ተካፈሉት።

ጄሉን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ አትቀቢው። ድድ የሚያደነዝዘው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ቤንዞካይን ወይም ሊዶካይን ነው። ለሃጩ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያጥበው ጥቅሙ ብዙም አይቆይም፤ የተዋጠው ግን ወደ ሰውነት ይገባል። ቤንዞካይን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም የሚያደርግ አደገኛ ሁኔታ ሊያስከትል ይችላል። ልጅ ከንፈሩ ይጠቁራል፤ ትንፋሹ ያጥራል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት የቤንዞካይን የድድ ማደንዘዣ መሸጥ እንዲቆም ጠይቋል። ስለ ሊዶካይን ፈሳሽም እ.ኤ.አ. በ2014 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ መጠኑ ሲበዛ ያንቀጠቅጣል፣ ልብንም ይጎዳል። «ተፈጥሯዊ» ተብለው የሚሸጡ ለድድ የሚሆኑ የሆሚዮፓቲ (እጅግ በተቀጠነ ንጥረ ነገር የሚሠራ አማራጭ ሕክምና) እንክብሎችም አሉ፤ ቤላዶና የሚባል መርዛማ ዕፅ መጠኑ ሳይመጣጠን ስለተገኘባቸው ስለ እነሱም አስጠንቅቋል። እህትሽ በፍቅር ነው የላከችው። ማኘኪያ ጎማ እንድትልክልሽ ንገሪያት። ውጭ አገር ያላችሁ እናቶችም የአምበር ሐብል የሚባለውን፣ ከጠነከረ የዛፍ ሙጫ ጠጠር የተሠራውን፣ ከሕፃን አንገት አውልቁ። በእንቅልፍ ላይ ሊያንቅ፣ ጠጠሩም ተበጥሶ ሊዋጥ ይችላል፤ ሕመም ማስታገሱን ያረጋገጠ ነገር የለም።

ከቤት ውስጥ መፍትሔዎችም የምከለክላቸው አሉ። ማር ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይቀመስም፤ ድድም ላይ አይቀባም። ቦቱሊዝም የሚባል፣ ጡንቻን የሚያዝል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። አረቄ ድድ ላይ መቀባት ለአዋቂ ጥርስ ሕመም የሚደረግ ነው፤ ለሕፃን የአልኮል መመረዝ ነው። የተጨመቀ ጤና አዳም ወይም ዳማከሴም አታጠጫት። በዚያ ዕድሜ ስንት ጠብታ መድኃኒት፣ ስንት ጠብታ መርዝ እንደሚሆን የሚለካ የለም።

በጣም የምትሰቃይ ከመሰለሽ ፓራሲታሞል ይቻላል። አሁን ትኩሳት ስላላትም ይጠቅማታል፤ ብቻ ሰጥተሽ ትኩሳቱ ወረደ ብለሽ ጤና ጣቢያውን እንዳትቀሪ። መጠኑ የሚሰላው በክብደት ነው፤ ለ1 ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም። ልጅሽ 7 ኪሎ ተኩል ስለሆነች በአንድ ጊዜ ከ75 እስከ 112 ሚሊ ግራም ይደርሳታል። በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ያለው ሽሮፕ ከሆነ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሊትር ተኩል ማለት ነው። በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ በላይ አይደገምም። በጠርሙሱ ስኒ ወይም በመርፌ አልባ ስሪንጅ ለኪ፤ የወጥ ማንኪያ መለኪያ አይደለም።

አንድ ወጥመድ አለ። ለሕፃናት ተብሎ በጠብታ መልክ የሚሸጠው ፓራሲታሞል ከሽሮፑ በጣም የወፈረ ነው። ብዙ ጊዜ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ብቻ 100 ሚሊ ግራም አለው። የሽሮፑን 4 ሚሊ ሊትር ከጠብታው ብትሰጫት 400 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ይህ በተለይ ከተደጋገመ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ፋርማሲስቱን «ይህ ጠብታ ነው ሽሮፕ? በ1 ሚሊ ሊትር ስንት አለው?» ብለሽ ጠይቂና ጠርሙሱ ላይ አጽፊው። አይቡፕሮፌን ከ6 ወር በላይ ላለ ሕፃን የሚሰጥ ቢሆንም፣ ተቅማጥ ኖሮባት ፈሳሽ ባጠራት ጊዜ ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል አሁን አትስጫት። አስፕሪን ለሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም። ድድ ስለበላት ብቻ ለሳምንታት በየሌሊቱ ሽሮፕ መስጠትም ልክ አይደለም። ከአንድ ሁለት ሌሊት በላይ መድኃኒት የሚያስፈልጋት ከሆነ ሕመሙ ሌላ ነው፤ ይመርመር። ጆሮዋን እየጎተተች ብታለቅስ፣ ትኩሳትም ካላት፣ ጆሮዋን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

«ዘገየባት እንዴ?» ላልሽው፣ አልዘገየባትም። ከ4 እስከ 12 ወር ባለው በማንኛውም ጊዜ ቢጀምር የተለመደ ነው። አንቺ ወይም አባቷ ዘግይታችሁ ያወጣችሁ እንደሆነ እናቶቻችሁን ጠይቁ፤ በዘር ይሄዳል። ከታችኞቹ ሁለት ቀጥሎ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ይመጣሉ፤ ቀድመው ቢመጡም ምንም ማለት አይደለም። መንጋጋዎቹ ከዓመት በኋላ፣ ክራንቻዎቹ ከ16 እስከ 22 ወር፣ የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች ደግሞ 2 ዓመት ከሞላት በኋላ ይወጣሉ። በ3 ዓመቷ 20 ይሞላሉ። 18 ወር ሞልቷት አንድም ካልወጣ የጥርስ ሐኪም ይያት። የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ካለበት ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ በለስላሳ የሕፃን ብሩሽ ትንሽ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል የፍሎራይድ ሳሙና አድርገሽ አጽጂው። ጡጦ በአፏ ይዛ አትተኛ፤ በተለይ ስኳር ያለበት።

ከጤና ጣቢያ ስትመለሺ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፤ ትኩሳቷን ማታም ለኪ።